«ሂዱ፣ እደርሳችኋለሁ»

እየቀዳ ነው? እሺ። ከአራት ኪሎ ነን፣ ውጭ ዝናብ ነው፣ የታክሲ ረዳቱ ጩኸት ከገባ እንደተለመደው ቻሉት።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር ላወራ ያሰብኩት። ግን በቡድን የእግር ጉዞ ላይ የሆነችው ያቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። ከእንጦጦ ማርያም አለፍ ብሎ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ጉሙ ሲወርድ። መሪው ቆመ። የፊተኞቹ ደረሱ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ውሃ ተጠጣ፣ ቆሎ ተዘገነ። አምስት ደቂቃ ምናምን። ከዚያ የመጨረሻዋ ልጅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። መሪው ልክ እሷን ሲያይ፣ «በሉ፣ ሁላችንም አለን፣ እንቀጥል!»

ቆይ፣ እዚህች ጋ እንቁም። የፊተኞቹ አምስት ደቂቃ አርፈዋል። እሷ ስንት? ዜሮ። የቦርሳዋን ማሰሪያ እንኳ አልፈታችም። በሚቀጥለው ማረፊያም ያው ነው፣ ከዚያም በኋላ ያው ነው። በጣም ማረፍ ያለባት ሰው ምንም ሳታርፍ ትወጣለች፣ ሁሌ ያረፉት ደግሞ ይፈጥናሉ፣ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። ፀሐይ ቢሆን ዞር ብለህ ታያታለህ። በጉም ግን ሃያ እርምጃ ካለፈች የለችም። ጠየቋት እኮ፣ «ደህና ነሽ?» ብለው። «አለሁ፣ ሂዱ፣ እደርሳችኋለሁ» አለች። ምን ልትል ነበር? አሥራ ምናምን ሰው ቆሞ እያያት!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የዕረፍት ሰዓት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ጃኬት ይደርባል፣ ከዚያ እሱ ራሱ ነው «እንሂድ» የሚለው። ሌላው ደጀን ነው። ጠንካራ እግር ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ ከሱ ኋላ ማንም አይቀርም፤ ፊሽካ፣ ባትሪና ትርፍ ልብስ እሱ ጋ ነው። መሀል ያለው ደግሞ ከኋላው ያለውን ማየት ካቃተው ይቆማል። እሱ ሲቆም ከፊቱ ያለውም ዞር ብሎ ስለሚያጣው ይቆማል፣ እንዲህ እያለ ማቆሚያው መሪው ጋ ይደርሳል። መንገድ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሁሉም እስኪሰበሰብ ማንም አይታጠፍም። ቆጠራውም ከደጀኑ ጀምሮ በድምፅ፣ አንድ፣ ሁለት እየተባለ ወደ ፊት። መሪው በዓይኑ ከቆጠረ፣ አንዱ ሽንት ቤት ሄዶ አንዱ ሁለቴ ይቆጠራል።

ሰው ከጠፋ ጩኸት አትመኑ። ሸለቆውና ዛፉ ድምፁን ከየት እንደመጣ ያሳስታል፣ ጉሮሮም ቶሎ ይደክማል። ፊሽካ ይሻላል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ደግሞ 6። የሰማ በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል። ዝምታው ያስፈለገው መልሱን ለመስማት ነው፤ ሰው ግን ይጨንቀውና ዝም ብሎ ይነፋል።

«ከጠፋህ ውሃ ተከትለህ ውረድ» የሚባለው ነገርስ? እንጦጦ ላይ እንዳታደርጉት! ጫፉ የውሃ መለያ ነው። በደቡብ የወረደው ቀጨኔና ቀበና ሆኖ በአቃቂ አዋሽ ይገባል፣ በሰሜን የወረደው በሱሉልታ በኩል ሙገር፣ ከዚያ አባይ። አናቱ ላይ ለጥ ባለበት ቦታ በጉም የቱ ወዴት እንደሚፈስ በዓይን አይለይም። አራት ኪሎ እገባለሁ ብለህ ሱሉልታ ልትወጣ ነው። (ሥጋው እዚያ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) መቆም፣ ከዚያ በርግጠኝነት ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ መመለስ። ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ከያዛችሁ ስልኩ ያለ ኔትወርክም ያሉበትን ያሳያል፣ ዛፍ ሲበዛ ትንሽ ቢሳሳትም።

ልብስ... ጋቢ አትልበሱ ብዬ ስድብ እንደማተርፍ አውቃለሁ። ጋቢም ጂንስም ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ አያሞቅም። ዝናብ ባይኖርም ትረጥባላችሁ፣ ጉሙ ባህር ዛፉ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ከዚህ ጫፉ ድረስ ልዩነቱ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ የሚጎዳው እርጥበቱና ንፋሱ ነው። ስትወርዱ ደግሞ ቀይ ጭቃው ላይ የረገፈ ቅጠልና ልጣጭ አለ፣ ያንሸራትታል። አጭር እርምጃ፣ እግር ወደ ጎን። ድንጋይ በሚንከባለልበት ገደላማ ቦታ ወይ በጣም ተጠጋግቶ ነው፣ ወይ አንድ በአንድ። ትንሽ ተራርቆ መሄዱ ነው የሚያስፈነክተው።

ግን ወደዚያች ልጅ ልመለስና... ቀርፋፋውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጉት ይባላል። ይሠራል፣ መሪው በሱ ልክ ይራመዳል። ሆኖም ሁለተኛ የተደረገ ሰው ለምን ሁለተኛ እንደተደረገ ሁሉም ያውቃል። ይሉኝታው ደግሞ ከድካሙ ይብሳል፣ ትንፋሹን ደብቆ ይሮጣል፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዕጣ ብናወጣስ? ለቦታው ማለቴ ነው፣ ማን የት እንደሚቆም። ግን ያኔ ደጀኑም በዕጣ ሊወጣ ነው፣ እሱ ደግሞ አይሆንም፣ ደጀን መመረጥ አለበት። ወይ ደጀኑን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን... እሱም ቢሆን ዕጣው መጨረሻ ላይ ከጣላትስ፣ ያው እኮ ነው። እንጃ፣ ምናልባት መሪውን መቀየር...