ወፍጮው ሲቆም እህሉ የት ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይም ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ሴለሪ ድረ ገጽ የሚቀበላቸውን ሥራዎች በወረፋ አስይዞ ከጀርባ የሚያስፈጽም መሣሪያ ነው፤ በእርሱ የሠራ ሰው ሁሉ ትእዛዙን ያውቀዋል። በትእዛዝ መስኮቱ ላይ ሴለሪ ብሎ ይጽፋል፣ የፕሮግራሙን ስም ያስከትላል፣ ወርከር፣ ማለትም ሠራተኛ፣ የሚለውን ቃል ይጨምርና ኢንተርን ይጫናል፤ ሠራተኛ የምንለው ሥራዎቹን እያነሳ የሚፈጽመውን ፕሮግራም ነው። ጥቂት መስመሮች ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ሠራተኛው ዝግጁ መሆኑን የሚገልጽ መስመር ይመጣል። ብዙዎቻችን ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለናል። እኔ ከዓመታት ልፋት በኋላ የደረስኩበት እምነት ሌላ ነው። ሠራተኛን ማስነሳት ቀላሉ ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚቆም ያላሰበበት ባለሙያ ግን የሰው ገንዘብና የሰው ጉዳይ ሊሰጠው አይገባም።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ወፍጮ ቤት ትልከኝ ነበር። የጤፉን ማዳበሪያ ተሸክሜ እገባለሁ፤ ባለወፍጮው ይመዝንና ስማችንን በደብተሩ ይጽፋል፤ ማዳበሪያችን ከሌሎቹ ኋላ ተራ ይይዛል። እኔ ቆሜ መጠበቅ የለብኝም። ተጫውቼ ስመለስ ዱቄቱ ገና እንደሞቀ አገኘዋለሁ። መብራት የጠፋ ቀን ግን ነገሩ ይለያል። ቀበቶው እየዘገመ ይቆማል፤ ቤቱን የሞላው ጩኸት ጸጥ ይላል፤ ዱቄት የለበሱት እናቶች ሁሉ ዓይናቸውን ወደ አንድ ቦታ ያዞራሉ። መሬት ላይ ተደርድሮ ተራውን የሚጠብቀው እህል አያሳስባቸውም። የሚያሳስባቸው በወፍጮው አፍ ግማሹ የገባው ነው።

የሥራ ወረፋ የምንለው ይኸው ነው። ደንበኛ ድረ ገጻችን ላይ ክፍያ ሲፈጽም ደረሰኙ ተዘጋጅቶ፣ አጭር መልእክቱ ተልኮ እስኪያልቅ ድረስ ፊቱ ላይ የሚሽከረከር ምልክት እያየ መቀመጥ የለበትም። ፕሮግራማችን ሥራውን በወረፋው ላይ ያስቀምጥና ለደንበኛው ወዲያው መልስ ይሰጣል። ወረፋውን የሚይዘው ራቢትኤምኪው ወይም ሬዲስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እርሱ የባለወፍጮው ደብተርና የመደርደሪያ ቦታ ነው። ወፍጮው ደግሞ ከትእዛዝ መስኮቱ ያስነሳነው ሠራተኛ ነው። ሴለሪን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው አስክ ሶሌም የተባለ ፕሮግራመር ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በፓይተን ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ቀድሞ የሚታሰበው መሣሪያ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መስኮቱ ልናገር። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ሠራተኛውን ከርቀት በገባበት የትእዛዝ መስኮት ላይ አስነሳው። ሁሉም ነገር ሠራ። ማታ ላፕቶፑን ከድኖ ወደ ቤቱ ሄደ። መስኮቱ ሲዘጋ ከመስኮቱ የተወለደው ሠራተኛም አብሮ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ድረ ገጹ ሥራ እየተቀበለ ወረፋ ላይ ሲደረድር አደረ፤ የሚፈጭ ግን አልነበረም። ያወቅነው ጠዋት አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ትናንት ከፍዬ ደረሰኝ አልደረሰኝም» ሲሉን ነው። ደግነቱ አንድም ሥራ አልጠፋም፤ ሠራተኛው እንደተነሳ የተከማቸውን ሁሉ ጨረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጅ የተነሳ ሠራተኛ ለሙከራ ብቻ ነው ብለን ወሰንን። ለእውነተኛው ሥራ ሲስተምዲን የመሰለ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛው ሲወድቅ ያነሳዋል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣና ማሽኑ እንደገና ሲበራም ማንም ሳያዘው ያስነሳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሴለሪን ከማቆሚያ መንገዶች ሁለቱን ላንሳ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ትልቅ ነው። ሲግተርም የሚባለውን ምልክት ስትልኩለት አዲስ ሥራ መቀበሉን ያቆማል፣ የያዘውን ይጨርሳል፣ ከዚያ ይወጣል። ይህ በጨዋነት ማቆም ነው። ሲግኪል ስትልኩ ግን ምንም የሚለው ነገር የለም፤ በመሃል ይቆረጣል። «እኔ ሲግኪል ልኬ አላውቅም» የሚል ሰው በመካከላችሁ ይኖራል። እናንተ ባትልኩም ሌላው ይልክላችኋል። ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ውስጥ ለይቶ የሚያስኬደው ዶከር ኮንቴይነሩን እንዲያቆም ሲታዘዝ ምንም ካልተነገረው 10 ሰከንድ ብቻ ይታገሣል፤ ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ 30 ሰከንድ፣ ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ ሦስቱም ይገድላሉ። ሥራችሁ 5 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ አዲስ የፕሮግራም ቅጂ በጫናችሁ ቁጥር በመሃል የሚቆረጥ ሥራ ሊኖር ይችላል። ይህን የጊዜ ገደብ ከረጅሙ ሥራችሁ ጋር አስተያይቶ ማራዘም የአንድ መስመር ለውጥ ነው፤ ስንቱ ቡድን ግን ያንን መስመር ሳይጽፍ ዓመታትን እንደሚያሳልፍ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

በመሃል የተቆረጠው ሥራስ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ባለወፍጮው ደብተሩን መቼ ይሰርዛል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ማዳበሪያውን ብድግ ሲያደርግ ነው ወይስ ዱቄቱን ሲያስረክብ? ሴለሪ ካልነገራችሁት በስተቀር ስሙን የሚሰርዘው ሥራውን ሊጀምር ሲል ነው። ስለዚህ በመሃል ከሞተ ያ ሥራ በደብተር የለም፤ ማንም አያነሳውም፤ ደንበኛው ብቻ ነው የሚያውቀው። ዘግይቶ የማረጋገጥ ምርጫን ስታበሩ ግን ስሙ የሚሰረዘው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ሠራተኛው ከሞተ ሥራው ወደ ወረፋው ተመልሶ ሌላው ይወስደዋል። ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አያበራውም? አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ስለሚችል ነው። ዱቄት ሁለት ጊዜ ቢፈጭ ይልማል እንጂ አይጎዳም። ከሰው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ቢቀነስ ግን በደል ነው።

ይህን በራሴ እጅ ተምሬዋለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ ሳለሁ በየወሩ ለደንበኞች ሁሉ የሒሳብ መልእክት የሚልክ ሥራ ጻፍኩ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እየሄደ የሚልክ አንድ ረጅም ሥራ ነበር፤ ወረፋውን የያዘው ሬዲስ ነው፤ ዘግይቶ ማረጋገጥንም አብርቻለሁ። ደንበኞቹ ጥቂት ሳሉ ምንም ችግር አልነበረም። ሲበዙ ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ መፍጀት ጀመረ። ሴለሪ በሬዲስ ላይ ሲሠራ በ1 ሰዓት ውስጥ ማረጋገጫ ያልመጣለትን ሥራ ሠራተኛው ሞቷል ብሎ ለሌላ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ግን አልሞተም ነበር፤ ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ እየተጠጋ ነበር። ሁለተኛው ከላይ ጀመረ። ሰዎች ያንኑ መልእክት ሁለት ጊዜ ተቀበሉ፤ ሁለት ጊዜ ይከፈል እንደሆነ ሊጠይቁ ቢሮ ድረስ የመጡ አዛውንት ነበሩ። ፊታቸውን ዛሬም አልረሳሁትም።

ያስተካከልኩት የጊዜ ገደቡን በማራዘም አይደለም። ረጅሙን ሥራ በታተንኩት፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ አጭር ሥራ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁጥር አለው፤ ከመላኩ በፊት ቁጥሩን በመረጃ ቋቱ ይመዘግባል፤ ቁጥሩ ቀድሞ ተመዝግቦ ካገኘ ዝም ብሎ ይመለሳል። ከምዝገባው በኋላ ሳይልክ የሞተ ቢኖር በዝርዝር ወጥቶ ሰው ያየዋል። ለሒሳብ መልእክት ይህን መርጫለሁ፤ ለሌላ ሥራ ሌላ ምርጫ ሊሻል ይችላል። መምረጥ ግን ግዴታ ነው።

ስለ ብዛትም ጥቂት ልበል። ሠራተኛው ሲነሳ ምንም ካልነገራችሁት በማሽኑ ፕሮሰሰር ኮሮች ልክ ሂደቶችን ይፈጥራል፤ ለእያንዳንዱም 4 ሥራ አስቀድሞ ከወረፋው ያነሳል። 8 ኮር ባለው ማሽን 32 ሥራ ማለት ነው። ሥራዎቹ አጫጭር ከሆኑ ይህ ፍጥነት ነው። ረጃጅም ከሆኑ ግን አንዱ ባለወፍጮ ማዳበሪያዎቹን ጓሮው አስገብቶ ሲይዝ ጎረቤቱ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚነሳውን ከ4 ወደ 1 አውርዱት። ደግሞም በርበሬና ጤፍ በአንድ ወፍጮ አይፈጭም። የይለፍ ቃል መልእክትን የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሰዓት ከሚፈጅ ሪፖርት ኋላ መሰለፍ የለበትም፤ ወረፋዎቹን ለዩ፤ ሠራተኛውን ስታስነሱም የትኛውን ወረፋ እንደሚያገለግል በትእዛዙ ላይ ጥቀሱ።

ለእኛ አገር ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። በሰዓት ሥራ የሚያዘው ቢት የሚባለው የሴለሪ ክፍል ካልተነገረው በቀር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ደግሞ ከእርሱ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ከዚያም በላይ ቀናችን ከንጋት ይቆጠራል። ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት 2 ብሎ የጻፈ ወጣት ሥራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተፈጽሞ ያገኘዋል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብላችሁ ጻፉ፤ ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር አስቀምጡ። ቢት ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይታዘዛል።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ እንድታምኑኝ አልፈልግም። ከጀርባዬ ባለው ስክሪን ላይ ሁለት የትእዛዝ መስኮቶች ተከፍተዋል፤ በእያንዳንዳቸው አንድ ሠራተኛ አለ፤ ወረፋው በራቢትኤምኪው ተይዟል፤ ዘግይቶ ማረጋገጥም በርቷል። በግራ ያለው ሠራተኛ ከ1 እስከ 60 በየሰከንዱ እየቆጠረ ነው፤ አሁን 20 ላይ ደርሷል። እባካችሁ፣ ከፊት ከተቀመጣችሁት አንዳችሁ ወደዚህ ውጡና የሲግኪሉን ትእዛዝ ጻፉ። ሌሎቻችን የቀኝ መስኮቱን እንመልከት፤ ቁጥሩ ከስንት እንደሚጀምር እዩ።