ስንተኛው ላይ ደረስሽ?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ድሬም ደህና ናት፤ ሙቀቷ ብቻ ነው ያልተቻለው። የምቀዳው ሳቢያን ካለው ቤቴ ነው። በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ስለማይቻል የባጃጅ ድምፅ ቢገባባችሁ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ጥርስ ነው የማወራችሁ። ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ጥርስ ስለማስተካከል፣ በተለይ ደግሞ ለውጡን እንዴት እንደምንከታተል። እኔ በአላይነር እያስተካከልኩ መሆኔን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ለአዲስ አድማጮች ባጭሩ፦ አላይነር በጥርስ ልክ የሚሠራ ስስ፣ ቀለም የሌለው ፕላስቲክ ነው። እንደ ሽቦው አይታሰርም፤ ይወልቃል፣ ይገባል። ተራ በተራ የሚደረጉ ብዙ ፍሬዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከበፊቱ በጥቂቱ ይለያል፤ አንዱ ፕላስቲክ አንድን ጥርስ እንዲገፋ የሚታቀደው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪም እንዳዘዘው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይደረግና ቀጣዩ ይተካል። በየከረጢቱ ላይ ቁጥር ተጽፏል።

ታዲያ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ «ስንተኛው ላይ ደረስሽ?» ብሎ ነው። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ ደስም ይለኛል። እኔ ግን ለውጤን በዚህ ቁጥር አልለካም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቁጥሩ የሚነግረን ዕቅዱ የት እንደደረሰ ነው። ሕክምናው ሲጀመር ሐኪሟ ኮምፒውተር ላይ አኒሜሽን ታሳያችኋለች፤ የተነባበሩት ጥርሶች ፈታ ሲሉ፣ ሲዞሩ፣ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ በአንድ ደቂቃ ታያላችሁ። በጣም ደስ ይላል። ግን ያ ትንበያ ነው። በፈረንጆቹ 2009 ኢንቪዝአላይን በተባለው የአላይነር ዓይነት ላይ የታተመ አንድ ጥናት የፊት ጥርሶችን መርምሮ፣ ከታቀደው እንቅስቃሴ በአማካይ የተሳካው 41 በመቶው መሆኑን አሳየ። በ2020 ያንኑ ጥያቄ ይዞ የወጣ ተከታይ ጥናት ደግሞ 50 በመቶ አገኘ። ተሻሽሏል፤ ግን ግማሽ ነው። ይህን የምለው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ሐኪሞቹ ያውቁታል፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ አፋችን እንደገና ተለክቶ ተጨማሪ ዙር የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ሪፋይንመንት ይሉታል። ሲታዘዝላችሁ ሕክምናው ከሸፈ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ብቻ «ሃያኛው ላይ ነኝ» ማለት ሌላ፣ ጥርሱ ሃያኛው ላይ መድረሱ ሌላ መሆኑን ያዙልኝ።

የእኔ ዶክተር ያለችው አዲስ አበባ ነው። ከድሬ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየወሩ እየተመላለሱ መታየት ለኪስም ለሥራም አይመችም። ስለዚህ ክትትሉ በአብዛኛው በእኔ እጅ ነው። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ አይታ «ቀጥዪ» ወይም «አንድ ሳምንት ጨምሪበት» ትለኛለች። ከአዲስ አበባ ውጭ ሆናችሁ ይህን ሕክምና የምታስቡ፣ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትመለሱ። በመካከሉ ማን እንደሚያያችሁ፣ በምን እንደምትገናኙ፣ አንድ ፕላስቲክ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ።

አሁን ፎቶው እንዴት እንደሚነሳ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ነው የሚያየው። በወር አንዴ ነው የማነሳው፣ ጠዋት በረንዳ ላይ። ረፋዱ ካለፈ የድሬ ፀሐይ ይከራል፤ ጥርስ ወይ በሙሉ ይነጣል ወይ ጥላ ይውጠዋል። ጀርባዬን ለግድግዳው እሰጥና ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እቆማለሁ። ስልኩን የምትይዘው ልጄ ናት፤ ከአፌ ትክክል እንጂ ከላይ ወይም ከታች እንዳይሆን አደራ ብያታለሁ፤ ስልኩ ትንሽ ካዘነበለ ቀጥ ያለው ጥርስ ጠማማ ይመስላል። በሁለት የሻይ ማንኪያ እጀታ ከንፈሬን ወደ ጎን እስበዋለሁ። የኋላ ጥርሴን ነክሼ አንድ ከፊት፣ አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ። ከዚያ አፌን ከፍቼ የላይኛው፣ የታችኛው። ይህ ፕላስቲኩ ወልቆ ነው። ቀጥሎ ፕላስቲኩን አድርጌ ያንኑ እደግመዋለሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኼ ሁለተኛው ዙር ነው።

ምክንያቱም ፕላስቲኩ በደንብ ከተቀመጠ በጥርሱ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ባዶ ቦታ አይታይም። ጥርሱ ወደ ኋላ ከቀረ ግን ጫፉ ላይ አየር የያዘች ቀጭን ክፍተት ትታያለች። እኔ ላይ የምትታየው በላይኛው በኩል፣ ከትልቁ የፊት ጥርሴ ቀጥሎ ያለው ትንሹ የግራ ጥርስ ላይ ነው። ይህ ጥርስ በብዙ ሰው ላይ እንደሚዘገይ ዶክተሯ አስረድታኛለች፤ ትንሽ ስለሆነ ፕላስቲኩ አጥብቆ የሚይዝበት የለውም። ክራንቻም ክብ በመሆኑ ለማዞር ያስቸግራል፤ ፕላስቲኩ ይንሸራተትበታል። ጥርስ ላይ የሚለጠፉት የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች፣ አታችመንት የሚባሉት፣ ለፕላስቲኩ መያዣ እንዲሆኑ ነው። እኔ ያቺን ክፍተት ካየሁ የቀን መቁጠሪያው «ቀይሪ» ቢለኝም አልቀይርም። ፎቶውን ልኬ እጠብቃለሁ። ለዚሁ የተሠራች ለስላሳ ጎማ አለች፣ እሷን ጥርሱ ላይ አድርጌ ደጋግሜ እነክሳለሁ፤ ፕላስቲኩ እስኪቀመጥ ድረስ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀን ሲጨመር ክፍተቷ ትዘጋለች፤ ያን ቀን የሚሰማኝን ደስታ የትኛውም ቁጥር አይሰጠኝም።

በየቀኑ መስታወት ፊት መቆምን አልመክርም። ሩብ ሚሊ ሜትር ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ እሱም በሁለት ሳምንት። ዓይን ከዛሬ እስከ ነገ ምንም አይለይም፤ ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል ወይ የሌለ ለውጥ ያያል። የመጀመሪያውን ፎቶና የቅርቡን ጎን ለጎን ሳደርግ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ከታች አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ወጥተው የነበሩት የፊት ጥርሶቼ ዛሬ በተርታ ቆመዋል። ስለዚህ ገና ያልጀመራችሁ፣ ጉብታዎቹ ከመለጠፋቸው በፊት ፎቶ አንሱ። ያ ፎቶ በኋላ አይገኝም።

ፎቶው ደስ የማይል ነገርም ያሳያል። የታችኞቹ ጥርሶች ሲፈቱ በመካከላቸው፣ ድዱ አጠገብ፣ ትንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ብቅ አለ። የተነባበረ ጥርስ ለዓመታት ከኖረ በኋላ ሲስተካከል ትልልቅ ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ተደራርበው ሳሉ ሸፍነውት የነበረው ክፍተት ነው የሚገለጠው። ዶክተሯ በጥርሶቹ መካከል በጣም በስሱ ሞረድ አድርጋ እንደምታጠብበው ነግራኛለች። በወሩ ፎቶ ቶሎ ስላየነው በዕቅዱ ውስጥ ገባ።

አንድ ሌላ የምከታተለው አለ፤ እንዳይንቀሳቀስ የምከታተለው። ፍንጭት ነኝ። እናቴም ፍንጭት ናት። በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ፍንጭቴ ተዘግታ ነበር የመጣችው። «ይህቺ ትቆይልኝ» አልኳት ዶክተሯን፤ ሳቀች፣ ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚላት ነገረችኝ፣ ዕቅዱንም አስተካከለችው። እኛ ዘንድ ለሙሽራ የሚዘፈንለት ነገር እንደ ጉድለት ሲቆጠር ዝም ማለት የለብንም ብዬ አምናለሁ፤ አፉ የእናንተ ነው፣ የምትፈልጉትን ተናገሩ። በየወሩ ፎቶ ስነሳ የክብሪት እንጨት ሳልገፋ አስገባባታለሁ፤ ልክ ከገባች ፍንጭቴ ቦታዋ ላይ ናት።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ከተማችን የምትፈትነው። አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት መደረግ አለበት። ምክንያት አለው። ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ስስ ጅማት አለ። ግፊት ባረፈበት በኩል አጥንት የሚበሉ ሴሎች አጥንቱን ያሳሱታል፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሌሎች ሴሎች አዲስ አጥንት ይሠራሉ፤ ጥርሱ የሚሄደው እንዲህ ነው። ግፊቱ ለረጅም ሰዓት ከተቋረጠ ሥራው ይቆማል። 22 ሰዓት ማለት እንግዲህ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት፣ ለቡናና ለመቦረሽ በጠቅላላው 2 ሰዓት ነው የቀረን ማለት ነው። ቡና ደግሞ በፕላስቲክ አይጠጣም፤ ያጠቁረዋል፣ ትኩሳቱም ያጣምመዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የተጠናቀቀ ቡና ብቻውን አንድ ሰዓቱን ይወስዳል።

ጎረቤቴ አዴ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር። «አንቺ ልጅ፣ አቦሉን ጠጥተሽ ልትሄጂ? ምን አደረግንሽ?» አለችኝ። አወጣሁና ፕላስቲኩን አሳየኋት፤ ሰዓቱንም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ምሳ ገና ሳይነሳ ከሰሉን ታቀጣጥላለች፤ ምሳውና ቡናው ይያያዛሉ፣ አንዴ አውልቄ ሁለቱንም እጨርሳለሁ። እንዲህ የሚረዳችሁ ሰው ካለ ሰዓቱ ይሞላል፤ ብቻውን በመስገብገብ የሚሞላው ሰው ጥቂት ነው። ጾም ደግሞ ትልቅ ረዳት ነው፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ፕላስቲኩን የሚያወልቅበት ምክንያት የለውም። ረመዳን የሚጾሙ ወዳጆቼም ቀኑ ቀላል ነው ይሉኛል፤ ጥንቃቄ የሚሻው ከማፍጠሪያው እስከ ሱሁር ያለው ነው።

ጫት የሚቅሙ አድማጮች ይጠይቁኛል። እውነቱን ልናገር፦ በፕላስቲኩ ላይ አይቃምም፤ አውልቆ መቀመጥ ደግሞ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ይበላል። ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ከተጨመረ፣ ሳይቦረሽ ፕላስቲክ ሲደረግበት ስኳሩ ጥርሱ ላይ ታፍኖ ይቆያል። በየቀኑ የሚቅም ሰው ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ሳይነጋገር ባይጀምር እመርጣለሁ።

ሙቀቱና ውሃውም አሉ። በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተውም። የተጣመመ ፕላስቲክ ጥርስን ወዳልታሰበበት ነው የሚገፋው። የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ የሚያለብሰው ካልሲየም ፕላስቲኩንም ያለብሰዋል። ያኔ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ነገር ክፍተት ይሁን የውሃው ቅሪት መለየት ያስቸግራል። እኔ ከፎቶው በፊት አቼቶ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በርዤ ለጥቂት ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ በለስላሳ ብሩሽ ሳሸው ይጠራል።

ይህ ፖድካስትም መከታተያ ሆኖኛል። የመጀመሪያውን ሰሞን የተቀዳውን መልሳችሁ ብትሰሙ «ሰ» እና «ጸ» ላይ ምላሴ ሲያዝ ይሰማችኋል። ቆይቶ ለቀቀኝ፤ ምላስ ይለምዳል።

ሲያልቅስ? ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ሲያልቅም አይቆምም። በፈረንጆቹ 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢንቪዝአላይንን የሚሠራውን አላይን ቴክኖሎጂን ከመሠረቱት አንዱ ዚያ ቺሽቲ ነው። እሱም ትልቅ ሰው ሆኖ ነበር ብሬስ የሚባለውን የጥርስ ሽቦ ያደረገው። ከዚያ በኋላ የተሰጠውን የፕላስቲክ ማቆያ ሳያደርግ ሲቀር ጥርሱ ሲንሸራተት፣ መልሶ ሲያደርገው ደግሞ ሲመለስ አስተዋለና ሐሳቡ ከዚያ መጣ ይባላል። ይህ የሚነግረን ጥርስ ከተስተካከለ በኋላም ወደ ድሮ ቦታው እንደሚሄድ ነው። ስለዚህ ሪቴይነር የሚባለው ማቆያ ማታ ማታ ለረጅም ዓመታት ይደረጋል። እሱን የምንከታተልበት መንገድ ቀላል ነው፦ ማታ ስታደርጉት ካጠበቀ ጥርሱ ተንቀሳቅሷል፤ ጭራሽ አልገባም ካለ ቀን ሳታሳልፉ ሐኪም ጋ ደውሉ።

ሐረር፣ ጅግጅጋ ወይም ጭሮ ሆናችሁ ይህን ሕክምና የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ሐኪማችሁ በመካከሉ በምን እንደሚያያችሁና ፎቶውን በምን ሰዓት እንደምታነሱ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አነባዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።