ልጆቻችንን ኮት ብቻ አልብሰን አንሸኛቸው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ዛሬ ጠዋት በዚያ ጉም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የመጣችሁ የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መርቃችሁ ጉባኤያችንን የባረካችሁልን ሼኾቻችንና ቄሶቻችን፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።

የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ጸሐፊያችን ስለሚያቀርብ እኔ አልደግመውም። የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ልጠቀምበት። ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ልጆች እዩልኝ። በመጪው ሴሚስተር በልውውጥ ፕሮግራም ወደ ስዊድን የሚሄዱ ናቸው። ወላጆቻቸውም አብረዋቸው አሉ። ደስታም ስጋትም ፊታቸው ላይ ይነበባል። እኛ ሄደን የተመለስነው ለእነዚህ ልጆች ምን ሰጥተን ነው የምንሸኛቸው?

እስካሁን የምንሰጠው ይታወቃል። ቪዛ እንዴት እንደሚጠየቅ እናሳያለን። ወፍራም ኮት እናውሳለን። በርበሬና ሽሮ እንቋጥራለን። ይኼ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን አይበቃም።

ከብርዱ ልጀምር፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። የሐምሌን ጭጋግ፣ የኅዳርን ውርጭ እናውቀዋለን። እዚያ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እውነት ነው። ግን ቤቱ ይሞቃል፣ አውቶቡሱ ይሞቃል፣ ክፍሉ ይሞቃል። ቤት ውስጥ በካናቴራ ነው የሚኖረው። እንዲያውም ክረምት ላይ ደሴ ቤታችን ውስጥ የሚበርደንን ያህል እዚያ ቤት ውስጥ አይበርድም።

የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ በስዊድኗ ኡፕሳላ ከተማ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ልጁ ጠዋት ክፍል ሲገባ ጨለማ፣ ከሰዓት ሲወጣ ጨለማ። እኛ አገር ቀኑ ከበጋ እስከ ክረምት ብዙም አይለዋወጥም፤ ሰውነታችን ሌላ አያውቅም። መጀመሪያ እንቅልፍ ይዛባል። ከዚያ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ከዚያ ሰው ማግኘት ያስጠላል። እናንተ ልጆች፣ ይህ ሲመጣባችሁ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ብርሃን ባለችበት ሰዓት ምንም ይሁን ምን ውጡና ተራመዱ። የቫይታሚን ዲን ነገር ሐኪም አማክሩ፤ ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ከፀሐይ ይህንን ቫይታሚን ለማግኘት ረዘም ያለ ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። እዚያ ደግሞ በብርዱ ወራት የምትወጣዋ ፀሐይ አቅም የላትም።

ሁለተኛው ዝምታው ነው። አንዷ አባላችን የነገረችን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ተማሪዎች በጋራ የሚያበስሉበት ወጥ ቤት ነው። እያንዳንዱ ሰው ፍሪጅ ውስጥ የራሱ መደርደሪያ አለው፤ ወተቱ ላይ ሳይቀር ስም ተጽፎበታል። እሷ ሽሮ ሠርታ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር «እንብላ» ትላለች። ሁሉም አመስግነው ያልፋሉ። በወሎ ልጅ ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። «እኔን ንቀው ነው» ብላ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። ኋላ ላይ ግን ወረቀት ላይ «ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት፣ የኢትዮጵያ ምግብ፣ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ብላ ጽፋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው። ሐሙስ ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ሁሉም መጡ። አንዱ አበባ ይዞ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ቀንና ሰዓት የሌለው ግብዣ ከልብ አይመስላቸውም እንጂ።

ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። መምህሩን በስሙ ትጠሩታላችሁ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ እነሱም በማዕረግ ነበር የሚጠራሩት፣ ያኔ ተዉት። የእኛ ልጅ ግን አፉ እንቢ ይለዋል። አንገቱን ደፍቶ፣ ጠይቁ ሲባል ዝም ብሎ ይወጣል። እኛ በጨዋነት ያሳደግነው ልጅ እዚያ ፍላጎት የሌለው ተማሪ ይመስላል። የክፍል ሰዓቱ ትንሽ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ሙሉ ጊዜ ተማሪ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል እንደሚያጠና ነው የሚታሰበው። ኮፒ ማድረግንም እዚሁ ጥላችሁ ሂዱ። የሌላውን ጽሑፍ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ እስከ 6 ወር ሊታገድ ይችላል። የልውውጥ ተማሪ ደግሞ ቆይታው ራሱ ብዙ ጊዜ አንድ ሴሚስተር ነው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ውጭ የነበሩ ልጆቻችን የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ሳምንታት አለፉ። አንዱ ሄዶ ለመምህሩ ነገረው። መምህሩ አዳመጠው፣ ፈተናውን በድጋሚ ፈተና ቀን እንዲወስድ አደረገ፣ ከተማሪዎች አማካሪ ጋርም አገናኘው። ሌላዋ ለማንም አልተናገረችም። «ችግሬን ለባዕድ አልናገርም» አለች። ክፍሏ ውስጥ ተኝታ ሴሚስተሩ አለቀ። ማንም በሯን አላንኳኳም። እዚያ አገር ካልጠሩት በስተቀር ሰው የሰው በር አያንኳኳም። ከጠየቁ ግን ከልባቸው ይረዳሉ።

በር የሚያንኳኳው እኛ መሆን አለብን። ይኼ ነው የዛሬው ሐሳቤ።

ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1477 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው። እዚያ ኔሽን የሚሏቸው 13 የተማሪ ማኅበራት አሉ። ከ1600ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ክፍለ ሀገር የመጡ ተማሪዎች ተሰባስበው ያቋቋሟቸው ናቸው፤ ዛሬም የአብዛኞቹ ስም የክፍለ ሀገሮቹ ነው። የራሳቸው ቤት አላቸው። ምሳ በርካሽ ይሸጣል፣ ማንበቢያ አለ፣ መዘምራን አለ። ምግብ የሚያበስሉትም ሰሃን የሚያጥቡትም በአብዛኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ማንም ተማሪ፣ የውጭ አገሩም ጭምር፣ የፈለገውን መርጦ ይገባል። በአጭሩ የተማሪ ቅሬ፣ እድር እንደማለት ነው። ልጆች፣ ኡፕሳላ የምትደርሱ በመጀመሪያው ሳምንት ተመዝገቡ። ወጥ ቤት ገብታችሁ ሽንኩርት ክተፉ። ጓደኛ የሚገኘው እዚያ ነው።

ቅሬ እኛም አለን። በወሎ ሰው በሐዘኑም በደስታውም ብቻውን አይተውም። ታዲያ ያ ወግ ልጃችን ቦሌ አውሮፕላን ሲሳፈር ለምን ይቋረጣል? ከአሁን ጀምሮ እያንዳንዱ የሚሄድ ልጅ ሄዶ ከተመለሰ አንድ አባል ጋር ይጣመር። አባሉ በየሳምንቱ በቴሌግራም ይደውል። «ሰላም ነህ?» ብሎ ብቻ አይዝጋ። ዛሬ ምን በላህ፣ ከማን ጋር አወራህ፣ መቼ ወጣህ ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ሁለት ጊዜ ስልክ ካላነሳ ለማኅበሩ ያሳውቅ። እዚያ ለሚኖሩ አባሎቻችን ነግረን በሩ ድረስ እንዲሄዱ እናደርጋለን።

ለወላጆች አንድ ነገር። ልጃችሁ ሲደውል «ጎበዝ፣ አይዞህ፣ በርታ» ብቻ አትበሉት። ደክሞኛል ሲል አድምጡት። እናንተን እንዳያሳስብ ብሎ የሚዋሽ ልጅ ብዙ ነው።

ተመልሰው የሚቸገሩም አሉ። እዚያ ያለፉት ኮርስ እዚህ ሳይያዝላቸው ቀርቶ ደግመው የተማሩ አባላት አሉን። ስለዚህ የኮርሱ ስምምነት ከመሄዳችሁ በፊት በሁለቱም በኩል ተፈርሞ በእጃችሁ ይግባ። ሳይፈረም ትኬት አትቁረጡ።

ስሙ ልውውጥ ነውና ከወዲያም ይምጡ። ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም የሚመጣውንም ተማሪና መምህር ወጪ ይሸፍናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ማረፊያ ቤትና አብሮት የሚውል ጓደኛ ካዘጋጀን መምጣታቸው ይቀላል። ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ እንወያይበታለን።

የጥምረቱ መዝገብ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚሄዱት ልጆች ስም በግራ በኩል ተጽፏል። በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ነው። ለሻይ ስትወጡ በዚያ በኩል እለፉና ስማችሁን ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር አስፍሩ። ቦታው ሳይሞላ ወደ ምሳ አንሄድም።

ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።