ጥርስ ቁጥር 18 የትኛው ነው? የጥርስ ሕክምና ኮዶችና ጠባቂዎቻቸው

[በስክሪኑ ላይ፦ የሪፈር ወረቀት። «18 ይነቀል» ይላል።]

ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ተጽፎ ሜሪላንድ ላለ የጥርስ ሐኪም ደረሰ እንበል። የጻፈው ሐኪም ያሰበው ከላይ፣ በታካሚው ቀኝ በኩል፣ መጨረሻ ላይ የሚበቅለውን ጥርስ ነው፤ ዊዝደም የምንለውን። ሜሪላንድ ያለው ሐኪም ግን 18 ሲያይ የሚታየው ከታች በግራ በኩል፣ ከዊዝደሙ አንድ ቀደም ብሎ ያለው መንጋጋ ነው። ያ ደግሞ ሰው በየቀኑ የሚያላምጥበት ዋና ጥርስ ነው።

ሁለቱም በተማሩት መሠረት በትክክል አንብበዋል። እርግጥ ጠንቃቃ ሐኪም ራጅ ሳያይና ታካሚውን ሳይጠይቅ አይነቅልም። ቢሆንም ያልታሰበን ጥርስ መንቀል በጥርስ ሕክምና ውስጥ የታወቀ ስህተት ነው፤ የቁጥር መምታታትም ከመንስኤዎቹ አንዱ ነው።

[ምስል፦ የተከፈተ አፍ፣ በአራት ተከፍሎ።]

በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት አቆጣጠር አፍን በአራት ይከፍላል። ከላይ የታካሚው ቀኝ 1፣ ከላይ ግራ 2፣ ከታች ግራ 3፣ ከታች ቀኝ 4 ነው። ሁለተኛው አሃዝ ከፊት መሃል ተነስቶ ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራል። ስለዚህ 18 «አሥራ ስምንት» ተብሎ አይነበብም፤ «አንድ፣ ስምንት» ነው የሚባለው። ለወተት ጥርሶች ክፍሎቹ ከ5 እስከ 8 ይሰየማሉ። የዓለም የጥርስ ሕክምና ፌዴሬሽን ይህን አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ዛሬ አይኤስኦ 3950 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

አሜሪካኖች ግን ከላይ ቀኝ መጨረሻ 1 ብለው ይጀምሩና ወደ ግራ ሄደው፣ ወደ ታች ወርደው፣ ዞረው 32 ላይ ይጨርሳሉ። የወተት ጥርሶችን ከኤ እስከ ቲ በላቲን ፊደል ይጠራሉ። እኔ ባለ ሁለት አሃዙ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ ጥርሱ የት እንዳለ ይናገራል። ሆኖም ይሄኛው ተሻለ ያኛው፣ ወረቀቱ ላይ በየትኛው እንደተጻፈ መገለጽ አለበት። ከቁጥሩ አጠገብ «ከላይ ቀኝ መጨረሻ» ብሎ መጨመር ደቂቃ አይወስድም።

የጥርስ ቁጥር ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ጥርሶች በአብዛኛው ቦታቸውን አይለውጡም። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ጥርሱ ምን ሆነ፣ ምንስ ተደረገለት ብለን ስንጠይቅ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ዓምዶች፤ «ሕመሙ» እና «ሕክምናው»።]

ለሕመሙ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ አለ። በአሥረኛው እትም የጥርስ መቦርቦር ኬ02 ነው። በዝርዝር ለመመዝገብ ደግሞ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የሚያዘጋጀው ስኖዴንት አለ፤ ስኖሜድ ሲቲ ከተባለው ሰፊ የሕክምና ቃላት ስብስብ ጋር ተያይዞ ይሠራል። ለተሰጠው ሕክምና አሜሪካ ውስጥ ሲዲቲ የሚባሉት ኮዶች ያገለግላሉ። እነዚህ መጀመሪያ የታተሙት በ1969 ሲሆን፣ ከ2000 ጀምሮ ለኤሌክትሮኒክ የኢንሹራንስ ክፍያ ጥያቄ በፌዴራል ደንብ የተሰየሙት እነሱ ናቸው።

አሁን አንድ ኮድ እንዴት እንደተወለደ እንመልከት።

እስከ 2016 ድረስ አሜሪካ ያለ ክሊኒክ ለአዋቂ ሰው ጥርስ ሲያጥብ በዋናነት ሁለት ምርጫ ነበረው። ድዱ በአመዛኙ ጤነኛ ከሆነ ዲ1110፣ የተለመደው እጥበት። ጥርሱን የያዘው አጥንት መሸሽ ከጀመረ ደግሞ ዲ4341፣ ከድድ በታች ሥሩ ድረስ የሚደረገው ጠረጋ። በመሃል ያለው ሰውስ? ድዱ በሙሉ አብጦ የሚደማ፣ የጥርስ ድንጋይ የተከመረበት፣ አጥንቱ ግን ገና ያልተነካ ታካሚ በየክሊኒኩ አለ። ለእሱ የሚሆን ኮድ አልነበረም። ሐኪሙ ዝቅ አድርጎ ቢመዘግብ የደከመበትን ያጣል፤ ከፍ አድርጎ ቢመዘግብ ታካሚው ያልያዘው በሽታ በመዝገቡ ይገባል። በ2017 ዲ4346 ወጣና ክፍተቱ ተሞላ።

ይህን የሚወስነው በ2012 የተቋቋመ የኮድ ጥገና ኮሚቴ ነው። አባላቱ 21 ሲሆኑ፣ ሐኪሞች፣ የስፔሻሊስት ማኅበራትና ከፋዮች (ኢንሹራንሶች) ይወከሉበታል። አዲስ ኮድ ይውጣ፣ ነባሩ ይሻሻል ወይም ይሰረዝ ብሎ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። ኮሚቴው ተከራክሮ ድምፅ ይሰጣል፤ ያለፈው ለውጥ በጃንዋሪ 1 ሥራ ላይ ይውላል። ከፋዩና ተከፋዩ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ክርክሩን ያከብደዋል፤ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። አንዱ ወገን ብቻውን የጻፈውን ዝርዝር ሌላው አያምነውም።

[ምስል፦ ያረጀ የታካሚ ካርድ፤ «አግሬሲቭ ፔሪዮዶንታይቲስ» የሚል ጽሑፍ ይታያል።]

ሌላም ፈተና አለ፤ ሳይንሱ ራሱ ሲለወጥ። ከ1999 ጀምሮ ሐኪሞች አጥንት የሚያሸሸውን የድድ በሽታ በዋናነት «ክሮኒክ» (ሥር የሰደደ) እና «አግሬሲቭ» (በፍጥነት የሚያጠቃ) ብለው ይለዩት ነበር። በ2017 ቺካጎ የተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይህን አከፋፈል አስቀረው፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። ዛሬ በሽታው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፣ የሚሄድበት ፍጥነትም በኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይገለጻል።

ታዲያ አሮጌዎቹ ካርዶች ምን ይሁኑ? ኮምፒውተር «አግሬሲቭ» የሚለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ አዲሱ አይቀይረውም። አዲሱ ደረጃ ጥርሱን ከያዘው ድጋፍ ምን ያህሉ እንደጠፋ መለካትን ይጠይቃል፤ ልኬቱ ደግሞ አሮጌው ካርድ ላይ ላይኖር ይችላል። ስኖሜድ ሲቲ ለዚህ ያለውን ደንብ እጅግ እወደዋለሁ። አንዴ ለአንድ ሐሳብ የተሰጠ ቁጥር አይጠፋም፤ ለሌላ ነገርም ተላልፎ አይሰጥም። ጊዜው ሲያልፍ «ከሥራ የወጣ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ምትክ ካለው ወደ ምትኩ ይጠቁማል። ስለዚህ የ20 ዓመት መዝገብ የሚከፍት ሐኪም ያኔ የታሰበውን ያገኛል።

[ምስል፦ የስምጥ ሸለቆ ካርታ።]

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ የስምጥ ሸለቆ ጥርስ ጉዳዩን ከማንም በላይ ያሳየናል። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ብዙ ሰው ጥርሱ የበለዘው ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ውስጥ ባለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። በበሽታዎች ምደባው አሥረኛ እትም እንዲህ ያለው ጥርስ ኬ00.3 ነው። ድርጅቱ ምደባውን ለጥርስ ሐኪሞች ለይቶ ያዘጋጀበት መጽሐፍ፣ በ1995 የታተመው ሦስተኛ እትሙ ደግሞ አንድ አሃዝ ጨምሮ፣ ከአካባቢው ፍሎራይድ የመጣውን ከሌላው ይለየዋል።

ካርዱ ላይ «የጥርስ በሽታ» ብቻ ከተጻፈ ይህ ሁሉ ይሰወራል። መቦርቦር የበዛበት ወረዳ የሚያስፈልገው ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናና ሙሌት ሊሆን ይችላል፤ ፍሎራይድ የበዛበት ቀበሌ የሚያስፈልገው ሌላ የውኃ ምንጭ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ሲደመሩ የውኃ መሐንዲሱ የቱን ጉድጓድ መዝጋት እንዳለበት ከጤና ጣቢያው መዝገብ ሊያነብ አይችልም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ባዶ የመመዝገቢያ ቅጽ፤ ሦስት ሳጥኖች።]

ለክሊኒክ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች፣ እባካችሁ ለእያንዳንዱ ምርመራ ሦስት ሳጥን አድርጉ፦ ኮዱ፣ የትኛው ምደባ እንደሆነ፣ የስንተኛው እትም እንደሆነ። መቦርቦር በአሥረኛው ኬ02 ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አሥራ አንደኛው ግን ዲኤ08.0 ነው። ሐኪሙ የጻፈውን ዐረፍተ ነገርም ከኮዱ ጎን አስቀምጡት፤ ምደባው በተለወጠ ቁጥር ለማመሳከር የሚፈለገው እሱ ነው።