ስክሪን ለማስቀየር ፓተርን አይጠየቅም
(ከድሬዳዋ የሬዲዮ ዝግጅት፤ የአድማጮች ጥያቄና የዲጂታል ፎረንሲክ ባለሙያው መልስ)

ጥያቄ፦ ከገንደ ቆሬ ነው የምደውለው። ስልኬን ልሸጥ ነው፤ ሪሴት ካደረግኩት ይበቃል?

መልስ፦ አዲስ ስልክ ከሆነ ይበቃል። መረጃው የሚቀመጠው ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተመስጥሮ ስለሆነ ሪሴቱ ቁልፉን ያጠፋዋል። አሮጌ አንድሮይድ ከሆነ ግን አትመነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሪሴት ከተደረጉ አሮጌ ስልኮች መልእክትና ፎቶ መልሰው አውጥተዋል። ሜሞሪ ካርዱን ደግሞ አውጣ። አቦ፣ እሱን ስንቱ ከነፎቶው ይሸጣል!

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነኝ። ስክሪን ላስቀይር ብሄድ ልጁ ፓተርንሽን ስጪኝ አለኝ። ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪ! ይህን በየሳምንቱ እላለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ከስልክ ጀርባ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ዘጠኝ ነጥብ ተነጥቦ፣ ፓተርኑ በእስክሪብቶ ተስሎበት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አይቻለሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያነበዋል። ቴሌብሩም፣ የልጆችሽ ፎቶም እዚያው ውስጥ ነው።

«ልጁን አውቀዋለሁ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስሚኝ። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፖችን ወደ 16 ጥገና ቤቶች ወሰዱ። ብልሽቱ የድምፅ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን የሚያሠራው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ የማንንም ፋይል መክፈት አይጠይቅም። ኮምፒዩተሩ ግን የተነካበትን ሁሉ በስውር ይመዘግብ ነበር። በ6ቱ ቤቶች የደንበኛው የግል ፋይል ተበርብሯል፤ በ2ቱ ደግሞ ተቀድቶ ተወስዷል። ይበልጥ የተበረበሩት የሴት እንዲመስሉ የተዘጋጁት ላፕቶፖች ነበሩ። ገባሽ?

እዚያው ቆመሽ አሠሪ። ሊሞክረው ሲል ራስሽ ክፈቺለት። አዳዲስ ሳምሰንጎች «ሜንቴናንስ ሞድ» የሚባል አላቸው፤ እሱ ሲበራ ሠራተኛው ስልኩን ይሞክራል፣ የአንቺን ነገር ግን አያይም። ውሎ ያድራል ካሉሽም የቻልሽውን ገልብጠሽ፣ ሪሴት አድርገሽ ስጪ። ፓተርን ግን ለማንም!

ጥያቄ፦ ሁለት አንቲቫይረስ ብጭን ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ስልክህን አፕዴት አድርግ።

ጥያቄ፦ ከመልካ ጀብዱ። አባቴ ተደውሎላቸው የመጣላቸውን የቴሌብር ኮድ ነገሩ፤ ብሩ ሄደ። በንዴት መልእክቱን አጠፉት። ይመለሳል?

መልስ፦ አባባን አትቆጧቸው፤ ኮድ ለማንም እንደማይነገር ግን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። የጠፋ መልእክት ብዙ ጊዜ ቦታው ባዶ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ወዲያው አይደመሰስም፤ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው የሚጠፋው። ስለዚህ «መልእክት መላሽ» የሚባል አፕ አትጫኑ፣ ሪሴትም አታድርጉ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በሌላ ስልክ ለቴሌብር ደውላችሁ አሳውቁ፤ ከዚያ ስልኩን ይዛችሁ ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ሂዱ። ከዚህ በኋላ ያለው የመርማሪ ሥራ ነው፤ በሬዲዮ አይሆንም።