ድመቷ አይጧን ለምን ለቀቀቻት? የ1913ቱ አዋጅና የእንግሊዝ ሴቶች ትግል

ጤና ይስጥልን፣ ውድ ተመልካቾቻችን። አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጃፍ የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ይገኛል። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ ጋዜጣ አቋቁመው ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ ወዳጅ ሆነው ነው። ከዚያ ከሃያ ዓመታት በፊት በለንደኑ ሆሎዌይ እስር ቤት የደረሰባቸው መከራ ግን ብዙም አይነገርም።

እናታቸው ኤምሊን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1903 በማንችስተር ስላቋቋሙት፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስለሚታገለው ማኅበር ባለፈው ክፍል በሰፊው ተነጋግረናል፤ ያልተመለከታችሁ አስቀድማችሁ ያንን እንድታዩ፣ ቻናላችንንም ሰብስክራይብ እንድታደርጉ እጋብዛለሁ። የመምረጥ መብት ጠይቀው፣ መስኮት ሰብረው የታሰሩት እነዚህ ሴቶች እንደ ተራ ወንጀለኛ መቆጠርን አልተቀበሉም። በ1909 ማሪዮን ዋላስ ደንሎፕ የፖለቲካ እስረኛነቷ እንዲታወቅላት ጠይቃ ስትከለከል ምግብ አልቀምስም አለች፤ ከ91 ሰዓት በኋላም ተፈታች። ሌሎችም ተከተሏት። መንግሥት በዚያው ዓመት በግድ መመገብ ጀመረ።

በግድ መመገብ ሲባል ማንኪያ አይታያችሁ። ሲልቪያ በ1913 በየቀኑ ሁለት ጊዜ ጠባቂዎች እጅና እግራቸውን ይዘው፣ ሐኪሞች አፋቸውን በብረት ፈልቅቀው፣ ቱቦ እስከ ጨጓራቸው ያወርዱባቸው ነበር። ድዳቸው ይደማ ነበር። በመጨረሻ እንቅልፍንም እምቢ ብለው በክፍላቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ቆይተው ተለቀቁ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አዲስ አዋጅ ወጣ፤ ሕዝቡም «የድመትና አይጥ አዋጅ» አለው። ልጅ ሳለሁ ማድቤታችን ውስጥ ድመታችን አይጥ ይዛ ስትለቃት አይቻለሁ። አይጧ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ማድጋው ጥግ ትሮጣለች፤ ድመቷ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች፤ ጥጉ ጋ ልትደርስ ስትል በአንድ መዳፍ ትመልሳታለች። ደግማ ትለቃታለች፣ ደግማ ትይዛታለች። ያኔ ድመቷ የራራችላት ይመስለኝ ነበር።

አዋጁም እንዲሁ ነው፦ በረሃብ የተዳከመችው እስረኛ ለጥቂት ቀናት ትለቀቃለች፣ ስታገግም ተይዛ ትመለሳለች፣ ውጭ የቆየችበት ጊዜም ከፍርዷ አይቀነስም።

«ታዲያ ማገገሚያ ጊዜ መስጠት ርኅራኄ አይደለም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙዎች ናችሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይቆጠርላቸው ነበር። ኤምሊን ሦስት ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ፍርዱን በጥቂት ቀናት ቁራሽ እንዲጨርሱ ከተደረገ፣ በየመካከሉም እስከ ሞት አፋፍ ከተራቡ፣ ሦስቱ ዓመት መቼ ያልቃል? ተለቀው የሚያገግሙበትን ቤት ፖሊስ ከውጭ ይጠብቀው ነበር። መንግሥት የፈራው አንዲት ሴት በእጁ ላይ ሞታ ሰማዕት እንዳትሆንበት ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ፍርሃት እንጂ ምሕረት አይደለም። የሴቶቹ ማኅበር በ1914 ባሳተመው ፖስተር ላይ አንድ ግዙፍ ድመት የአንዲትን ሴት ገላ በጥርሱ ነክሶ ይታያል።

በነሐሴ 1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እስረኞቹ ተለቀቁ። በ1918 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነና የንብረት መስፈርት ላሟሉ ሴቶች ብቻ ድምፅ ሰጠ፤ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙት ግን ከወንዶች እኩል ለመምረጥ እስከ ሐምሌ 1928 ጠበቁ። ኤምሊን ፓንክረስት ያረፉት ይህ የ1928ቱ ሕግ ሊጸድቅ ሦስት ሳምንት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው ነበር።