ያልተረጎምኳት ጥያቄ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አንድ ነገር ላወራችሁ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ሥራዬ ዋሽንግተን አካባቢ የሕክምና አስተርጓሚነት ነው። ሐኪሙ ያለውን ለታካሚው፣ ታካሚው ያለውን ለሐኪሙ ማድረስ። የሥራው ሕግ ግልጽ ነው፤ ምንም አይጨመርም፣ ምንም አይቀነስም። እኔ ግን ቀንሻለሁ።

ገና ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። ነርሷ አንዲትን ወጣት ሴት፣ ግንኙነት የምታደርጊው ከወንድ ጋር ነው፣ ከሴት ጋር ወይስ ከሁለቱም ብላ ጠየቀቻት። አፌ ተያዘ። ልጅቷ አንገት ላይ ማተቡን አየሁና "ባል አለሽ ወይ?" አልኳት። "የለኝም" አለች። "ኖ" ብዬ አቀበልኩ። ነርሷ ጻፈችና አለፈች። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ሳይነሳ ቀረ።

ከወራት በኋላ ያችው ልጅ ተመልሳ መጣች። ኮሪደር ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ "እትዬ፣ ያን ቀን ነርሷ 'ዊመን' ስትል ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን 'ባል' ነው ያሉኝ" አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ለካ ከዚያ በፊትም የሆነ ቦታ፣ ወንድ ከሌለሽ ምርመራው አያስፈልግሽም ተብላ ኖሯል።

ያስፈልጋታል። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በግንኙነት ጊዜ በሚኖር የቆዳ ንክኪ ይተላለፋል፤ የግድ ወንድ አይፈልግም። እዚህ አሜሪካ ምርመራው ከ21 ዓመት ይጀምራል፣ እስከ 65 ይዘልቃል። ሌዝቢያን፣ ማለትም ሴት የምታፈቅር ሴት፣ ብትሆንም ያው ነው። ሲወለድ ሴት ተብሎ አሁን ወንድ ሆኖ የሚኖር ትራንስ ሰውም የማህፀን በር እስካለው ድረስ ያው ነው።

ወንዶቹ ጋ ደግሞ ይኸው ቫይረስ የፊንጢጣ ካንሰር ያመጣል፤ በተለይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ጌይ፣ ማለትም ወንድ የሚያፈቅሩ፣ ወንዶች ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ቁስሎችን ቀድሞ ማከም ካንሰሩን በ57 በመቶ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። 57! ግን ሐኪሙ ካላወቀ ማንን ይመርምር?

ክትባቱም አለ። እዚህ ለወንድም ለሴትም እስከ 26 ዓመት ይመከራል፤ ከ27 እስከ 45 ያላችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። አገር ቤት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያደጉት፣ ወንዶቹም፣ አብዛኞቹ ሳይከተቡ ነው እዚህ የደረሱት።

ልጅቷ ለምን ዝም እንዳለች ኋላ ነገረችኝ። ነርሷን አይደለም የፈራችው፤ እኔን ነው። አበሻ ነኝ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ እንጀራ ቤት እንገናኛለን። ወሬው እናቷ ጆሮ ይደርሳል ብላ ነው። አገር ቤት ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት ማድረግ በሕግም የሚያስቀጣ ስለሆነ ዝምታን ከልጅነቷ ተምራዋለች። እዚህ ግን አስተርጓሚ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የማያውቃችሁ፣ ሌላ ከተማ ያለ ሰው በስልክ ያስተርጉምልኝ ብትሉም ነውር የለውም።

እኔም ያቺን ጥያቄ በአማርኛ ማለት መለማመድ ነበረብኝ። በዚህ ጉዳይ የለመድናቸው ቃላት ብዙዎቹ ስድብ ናቸውና፣ ከስድቡ የጸዳ አነጋገር ፈልጌ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። መኪናዬን አቁሜ፣ ወደ ክሊኒኩ ከመግባቴ በፊት ድምፄን አውጥቼ እለዋለሁ፦ "ግንኙነትሽ ከወንድ ጋር ነው፣ ከሴት ጋር ነው ወይስ ከሁለቱም?" መጀመሪያ ሰሞን "ከሴት" የምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይል ነበር። አሁን አይልም።